አንድ ፎርም ይዞ ወደ ተደራሽነት ሙያ መግባት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቀን 1

ነገሩ የጀመረው ራሴ ከዘጋሁት ቲኬት ነው። አራት ዓመት በሶፍትዌር ቴስተርነት ስሠራ የደንበኞች ቅሬታ እኔ ጋ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን "ላክ የሚለው አይሠራም" የሚል መጣ። ከፈትኩት፣ በማውስ ነካሁት፣ ሠራ። በሦስት ብሮውዘር ሞከርኩት፣ ሠራ። "ችግሩ አልታየም" ብዬ ዘጋሁት። ሰውየው ሁለተኛ አልጻፈም፣ እኔም ረሳሁት። ከወራት በኋላ አንድ ባልደረባዬ ቀኝ ክንዱ ተሰብሮ በግራ እጁ ኪቦርድ ብቻ እየነካካ ሲሠራ አየሁና ያ ቲኬት ትዝ አለኝ። ያንኑ ገጽ ከፍቼ ያለ ማውስ ሞከርኩት። ላክ የሚለው ጋ መድረስ አይቻልም። ሰውየው እውነቱን ነበር።

ስለዚህ ወደ ዲጂታል ተደራሽነት ልገባ ነው፤ አካል ጉዳት ያለበትም ሰው ድረ ገጽ ያለ ችግር እንዲጠቀም የማድረግ ሥራ ነው። ኮርስ ብቻ ከማሳደድ ግን አንድ እውነተኛ ሥራ ይዤ ከዳር ማድረስ ፈለግኩ። ነፃ ሥልጠና የሚሰጥ አንድ ትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት የመመዝገቢያ ፎርም አለው። ልፈትሽላችሁ ብዬ ጻፍኩላቸው። "እሺ፣ ግን ገንዘብ የለንም" አሉ። ገንዘብ አልፈለግኩም። ስማቸውን ሳልጠቅስ ሥራውን ፖርትፎሊዮዬ ላይ እንዳወጣ ብቻ ይፈቀድልኝ አልኩ፣ ተስማሙ። (ሳይጠየቁ የሰው ድረ ገጽ ፈትሸው የስህተት ዝርዝር የሚልኩ ሥራ ፈላጊዎች አሉ። እኔ አልወደድኩትም። ያልተጋበዘ ሰው ቤትህ ገብቶ አቧራ ሲቆጥርብህ አስበው።)

ዛሬ የሠራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ማውሱን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ታብ፣ ታብ፣ ታብ።

ፎርሙ ጋ ለመድረስ 23 ጊዜ ታብ መምታት ያስፈልጋል። ሜኑውን ዘሎ ወደ ዋናው ጽሑፍ የሚወስድ ሊንክ የለም። ያለሁበትም አይታይም፤ በታብ ስንሄድ የቆምንበትን የሚከበውን መስመር አንድ ሰው አስቀያሚ ነው ብሎ በአንድ መስመር ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) አጥፍቶታል። የትውልድ ቀን መምረጫው ካላንደር ውስጥ ገባሁ፣ መውጣት አቃተኝ። ታብ ብል እዚያው፣ ሺፍትና ታብ ብል እዚያው፣ ኢስኬፕ ብል እዚያው። ገጹን ዘግቼ ነው የወጣሁት። የኪቦርድ ወጥመድ ይሉታል፣ ስሙ ይገባዋል።

መሳቢያውን ከፍቼ (አዎ፣ ተሸነፍኩ) ካላንደሩን በማውስ አለፍኩና በታብ ወደ ታች ቀጠልኩ። "መዝግብ" የሚለው አዝራር ጭራሽ ተራ አይደርሰውም። ኮዱን ሳየው በተን (እውነተኛው የአዝራር ታግ) አይደለም፣ ዲቭ (ምንም ትርጉም የሌለው ተራ ሳጥን) ነው። ቀለም ቀብተው፣ ጥግ ጥጉን አክብበው አዝራር አስመስለውታል። ለዓይን አዝራር ነው፣ ለኪቦርድ ግን ባዶ ቦታ። የዘጋሁት ቲኬት ይኸው ነበር።

ወጥመዱን ሪፖርት እስኪያልቅ አላቆየሁትም። ዲቨሎፐሩ ጋ ደወልኩ። ካላንደሩን አንስቶ ቀን፣ ወርና ዓመት የሚጻፍባቸው ሦስት ተራ ሳጥኖች አደረገው። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። የትውልድ ቀኑን ከካላንደር ላይ የሚፈልግ ሰው ድሮስ የት አለ?

ቀን 3

ኤንቪዲኤን አወረድኩ። በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ነፃ ስክሪን ሪደር ነው፤ ገጹ ላይ ያለውን በድምፅ ያነባል። በ2006 እንደ ፈረንጆቹ ማይክል ከራን የተባለ አውስትራሊያዊ ጀመረው፣ ጄምስ ቴህ ተቀላቀለው፤ ሁለቱም ዓይነ ስውር ናቸው። ለራሳቸው የሚያስፈልጋቸውን ነው የሠሩት። ስጠቀመውም ይሄ ያስታውቃል።

የመጀመሪያው ሰዓት ግን መከራ ነበር። ከፈትኩት፣ ማውራት ጀመረ፣ አያቆምም። ዊንዶው በቀየርኩ ቁጥር ያወራል፣ ኢሜይል ሲመጣ ያወራል። ድምፁን አጥፍቼ ዝም ማስባያውን ፈለግኩ። ኮንትሮል ነው። ለጀማሪ አንድ ምክር ቢኖረኝ ይሄ ነው፦ ከሁሉ በፊት ኮንትሮልን እወቅ።

ከዚያ ኤች የምትለዋን ፊደል ስትመታ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላል፣ ኤፍ ስትመታ ከአንዱ የፎርም ሳጥን ወደ ሌላው። ኢንሰርትን ይዘህ ኤፍ 7 ስትመታ የገጹን ሊንኮችና ርዕሶች በዝርዝር ያወጣልሃል። ግማሽ ቀን የበላኝ ግን ሁለቱ ሁኔታዎች ናቸው። በማንበቢያው ሁኔታ ፊደሎቹ መዝለያ ናቸው፣ በመጻፊያው ሁኔታ ፊደል ናቸው። በታብ ሳጥን ውስጥ ከገባህ ራሱ ይቀይርልሃል። እኔ በቀስት ሄጄ ስሜን ልጽፍ ስጀምር ገጹ ከርዕስ ርዕስ እየዘለለ ጠፋብኝ። ተበላሸ ብዬ ሁለት ጊዜ ኮምፒውተሩን አስነስቻለሁ። አይ እኔ!

የፎርሙን ሳጥኖች ሲያነብ የሰማሁትን ቃል በቃል ልጻፈው፦ "ኤዲት፣ ብላንክ።" ቀጣዩ፦ "ኤዲት፣ ብላንክ።" ቀጣዩ፦ "ኤዲት፣ ብላንክ።" መጻፊያ ነው፣ ባዶ ነው። የምን መጻፊያ? ስም ነው፣ ስልክ ነው፣ አይልም። ስክሪኑ ላይ "ሙሉ ስም" የሚለው ከሳጥኑ በላይ ቁጭ ብሏል፣ ኮዱ ውስጥ ግን ሁለቱ አይተዋወቁም። ሌብል በሚባለው ታግ ማያያዝ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ሌላም አለ። ገጹ በአማርኛ ተጽፎ ኮዱ ላይ ቋንቋው እንግሊዝኛ ተብሎ ተመዝግቧል። ኤንቪዲኤ ይዞት የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለ ድምፅ አማርኛም ያነባል፤ ግን ገጹ እንግሊዝኛ ነኝ ካለው ድምፁን ለምን ይቀይራል? ሁለት ፊደል ማስተካከል ነው የቀረው።

ቀን 9

የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያውን ማንበብ ጀመርኩ። ሰዉ ዊካግ ነው የሚለው፤ የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ሥሪ ሲ ያዘጋጀው ነው። የመጀመሪያው በ1999 ወጣ፣ 2.0 በ2008፣ 2.1 በ2018፣ አሁን ያለው 2.2 በጥቅምት 2023 እንደ ፈረንጆቹ። በ2.2 ውስጥ 86 መስፈርት አለ፣ በሦስት ደረጃ። ሕግም ውልም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው "ደብል ኤ" (AA) የሚባለውን ሁለተኛውን ደረጃ ነው። ከሥሩ ካለው ጋር 55 ይሆናል።

ከዳር እስከ ዳር ላነበው ሞከርኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። እንደ ልብ ወለድ የሚነበብ አይደለም። አሁን የማደርገው ተቃራኒውን ነው፤ መጀመሪያ ችግሩን አገኛለሁ፣ ከዚያ የቱን መስፈርት እንደሚጥስ እፈልጋለሁ፣ ከዚያ ለዚያ መስፈርት የተጻፈውን ማብራሪያ አነባለሁ። ማብራሪያዎቹ ከመስፈርቱ ይልቅ ሰው ሰው ይሸታሉ፣ ማን ምን እንደሚሆን ይናገራሉ። ካላንደሩ 2.1.2 ሆነ። የጠፋው መስመር 2.4.7። ቋንቋው 3.1.1። ተጣብቀው የቀሩት እንዲህ ነው እንጂ ቁጥር በቃል በመያዝ አይደለም።

ቀን 12

የመሣሪያ ቀን። አክስ፣ ዌቭ፣ ላይትሃውስ፤ የገጽን የተደራሽነት ስህተት በራሳቸው የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ናቸው፣ ሦስቱንም አስኬድኩ። ጥሩ ናቸው፣ እኔ በሰዓት የማገኘውን በሰከንድ ያወጣሉ። ግን ላይትሃውስ ለዚህ ፎርም ስንት ሰጠው? ከ100 92። በኪቦርድ መመዝገብ ለማይቻልበት ገጽ! ዲቩ አዝራር መምሰሉን መሣሪያው ከየት ይወቅ። የምስል መግለጫም እንዲሁ ነው። መግለጫው መኖር አለመኖሩን ያያል፣ "ምስል 3" ብሎ መግለጽ ምንም እንደማይገልጽ ግን አያውቅም።

መሣሪያ የሚበልጠን ቀለም ላይ ነው። ዌብኤይም የተባለው ድርጅት በየዓመቱ የአንድ ሚሊዮን ድረ ገጾችን መነሻ ገጽ በመሣሪያ ይፈትሻል። በ2024 ከመቶ 95.9 ያህሉ ላይ ስህተት አገኘ፣ በብዛት አንደኛው የደበዘዘ ጽሑፍ ነው። የኛም ፎርም ማብራሪያዎቹ 999999 በሚባለው ግራጫ ነጭ ላይ ተጽፈዋል፣ ንጽጽሩ (ጽሑፉ ከጀርባው ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ) 2.85 ለ1። የሚፈለገው 4.5 ነው። የሚገርመው 777777 የተባለው ጠቆር ያለ ግራጫ እንኳን 4.48 ሆኖ ለጥቂት ይወድቃል፣ 767676 ግን 4.54 ሆኖ ያልፋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ልለያቸው አልቻልኩም። ዲዛይነሯ ጋ ስንከራከር ይሄ በጣም ጠቀመኝ፤ "ግራጫሽን አልነካሁብሽም፣ ትንሽ ቡና ጨመርኩበት" አልኳት።

3ኛ ሳምንት

ሪፖርቱን ላክሁ። 64 ችግር፣ በሠንጠረዥ፣ የመስፈርት ቁጥር፣ ደረጃ፣ ክብደት፣ የስክሪን ፎቶ፣ ሁሉም። ኮርቼበት ነበር።

ሁለት ቀን ዝምታ። በሦስተኛው ቀን ዲቨሎፐሩ አንድ መስመር ጻፈ፦ "አየሁት፣ ከየቱ ልጀምር?"

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ከየቱ እንደሚጀመር እኔም አላውቅም። ክብደቱን ከባድ፣ መካከለኛ፣ ቀላል ብዬ የሞላሁት በግምት ነው።

3ኛ ሳምንት፣ ዓርብ

የጓደኛዬ ጓደኛ ዓይነ ስውር ናት። ኮምፒውተር ስትጠቀም ዘመናት አልፈዋል፣ ኤንቪዲኤ እንደ እጇ ነው። ፎርሙን ትሞክርልኝ እንደሆነ ጠየቅኳት፣ ለጊዜዋም ከፈልኳት። ይሄን ሆን ብዬ ነው የምጽፈው፤ ዕውቀቷን ነው የምወስደው፣ "ልምድ ይሆንሻል" ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ልምዱ የሚሆነው ለኔ ነው።

በራሷ ላፕቶፕ፣ በራሷ ፍጥነት ጀመረች። ድምፁ ይንጫጫል፣ አንድ ቃል አልያዝኩም። "ይሄ ይገባሻል?" ስላት ሳቀች። ያን ቀን ነው እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የማደርገው ሙከራ ምን ያህል የራሴን ግራ መጋባት ብቻ እንደሚያሳይ የተረዳሁት። እኔ ስጨፍን አዲስ ነኝ። እሷ አዲስ አይደለችም።

ኤችን መታች፣ ፎርሙ ርዕስ ላይ ወረደች። 23ቱን ሊንክ አልነካቻቸውም! ሪፖርቴ ላይ ቁጥር 1 "ከባድ" ብዬ የጻፍኩት እሱን ነበር። ዲቭ የሆነው "መዝግብ" ጋ ስትደርስ ኤንቪዲኤ "ክሊከብል" (ሊነካ የሚችል) አለላት፣ በማንበቢያው ሁኔታ ኢንተር መታች፣ ሠራላት። እኔ ደግሞ ለእሷ ጭራሽ አይሠራም ብዬ ነበር። አዝራሩ የሚያስቆመው ዓይኑ እያየ በኪቦርድ የሚሠራውን ሰው ነው እንጂ እሷን አይደለም። ዝላይ ሊንኩም እንደዚሁ፤ ለእሷ ኤች አላት፣ ለዚያኛው ሰው ግን የለውም።

ኢንተር ከመታች በኋላ ዝም አለ።

ጠበቀች። እኔ ስክሪኑን አያለሁ፣ ስልክ ቁጥሩ ላይ አንድ ዲጂት ጎድሏታል፣ ሳጥኑ ቀይ ጠርዝ አውጥቷል። ቀዩ ብቻ፣ ጽሑፍ የለም።

"ተላከ?" አለችኝ።

መልስ መስጠት አልነበረብኝም፣ ዝም አልኩ። እንደገና ኢንተር መታች። ዝም። ሦስተኛ። ዝም። ከላይ ጀምራ ሙሉውን ፎርም ሳጥን በሳጥን አዳመጠችው፣ የሚነግራት ነገር የለም፣ ምክንያቱም ቀለም አይነበብም።

"አንተ ባትኖር ትቼው ነበር" አለች። "ወይ ደግሞ ተመዝግቤያለሁ ብዬ ሥልጠናው ቀን እሄድ ነበር።"

ማታ ሪፖርቱን ከፈትኩ። ይሄ ችግር ቁጥር 41 ላይ ነው። ክብደት፦ መካከለኛ።

4ኛ ሳምንት

ሪፖርቱን ከዜሮ ጻፍኩት። በመስፈርት ቁጥር መደርደር ቀረ። አሁን የተደረደረው ሰውየው ሊያደርግ በመጣው ነገር ነው፦ መመዝገብ። ከመመዝገብ የሚያስቆመው መጀመሪያ፣ የሚያዘገየው ቀጥሎ፣ የሚያናድደው መጨረሻ። 64ቱ ደግሞ 14 ሆኑ። ዘጠኙ "ሌብል የለውም" ያልኳቸው ሳጥኖች የአንድ ኮምፖነንት (በየቦታው የሚደጋገም የኮድ ቁራጭ) ልጆች ናቸው፤ አባትየው ከተስተካከለ ዘጠኙም ይድናሉ። ዲቨሎፐር ዘጠኝ ስህተት ሲያይና አንድ ስህተት ሲያይ ፊቱ አንድ አይደለም።

የድሮው ቁጥር 41 ያኔ እንዲህ ይላል፦ "የስህተት መልእክቱ 3.3.1ን፣ 1.4.1ንና 4.1.3ን አያሟላም።" አሁን ቁጥር 1 ሆኖ የሚለው ይኸውና፦

"ስልክ ቁጥር አጉድለህ 'መዝግብ' ስትል ሳጥኑ ቀይ ይሆናል እንጂ ምን እንደተሳሳተ አይጻፍም፣ ለስክሪን ሪደርም አይነገርም። ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው የተላከ መስሎት ይሄዳል። ቀይ የማይለይ ሰውም ልዩነቱን አያይም። ማስተካከያ፦ ከሳጥኑ ሥር 'ስልክ ቁጥሩ 10 ዲጂት መሆን አለበት' ብለህ ጻፍ፣ ጽሑፉን ከሳጥኑ ጋር አያይዘው፣ ፎከሱን (ኪቦርዱ የሚቆምበትን ቦታ) የመጀመሪያው የተሳሳተ ሳጥን ላይ አድርገው። ማረጋገጫ፦ ኤንቪዲኤ ከፍተህ ባዶ ፎርም ላክ፤ 'ሙሉ ስም' ብሎ ስህተቱንም ካነበበልህ አልቋል።" ከሥሩ በትንሹ የመስፈርቶቹ ቁጥር።

የመጨረሻውን ክፍል የጨመርኩት በቴስተርነቴ ነው። አስተካካዩ ራሱ ማረጋገጥ ከቻለ እኔን አይጠብቅም። ላክሁለት። በዚያው ከሰዓት አምስቱን ዘጋ።

4ኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

አንዱን ግን አበላሸሁት። ለስህተት መልእክቶቹ አለርት የተባለውን የኤሪያ ሮል (መልእክቱ ብቅ ሲል ስክሪን ሪደር ወዲያው እንዲያነበው የሚያደርግ የኮድ ምልክት) ስጣቸው ብዬው ነበር። በየመልእክቱ ላይ አደረገው። ባዶ ፎርም በላክሁ ጊዜ ስድስቱም መልእክት ባንዴ ተንጫጩ፣ እንደ ቁርስ ሰዓት ኪንደርጋርተን። ለሞካሪዬ ድምፁን ቀድቼ ላክሁላት፣ "ይሄ ቅጣት ነው?" ብላ መለሰች።

የኤሪያ የመጀመሪያው ሕግ ደግሞ እኮ ግልጽ ነው፤ ኤችቲኤምኤል (ገጹ የሚጻፍበት መሠረታዊ ኮድ) ራሱ ያለው ነገር ካለ እሱን ተጠቀም ይላል። አንብቤዋለሁ። ማንበብና መታዘዝ ይለያያሉ መሰለኝ። አለርቱን አስነሳሁት፣ መልእክቱን ከሳጥኑ ጋር ማያያዝና ፎከስ ማዛወር ብቻ በቂ ሆነ። ዲቩም በተን ሆነ። በተን ሲሆን ታብም፣ ኢንተርም፣ ስፔስም ያለ ምንም ተጨማሪ ኮድ መጡ።

6ኛ ሳምንት

ሥራ ማመልከት ጀመርኩ። የገባኝን ባጭሩ፦ ሥራው አንድ ዓይነት አይደለም። ፈታሽ አለ፣ ዲቨሎፐር አለ፣ ዲዛይነር አለ፣ ፒዲኤፍ እየከፈተ ታግ የሚያስተካክል አለ (ይሄኛው ትዕግሥት ለሌለው ሰው አይሆንም)፣ የድርጅቱን አሠራር የሚመራ አለ። ማስታወቂያው ሁሉ ዊካግና ስክሪን ሪደር ይላል፣ ከዚያ ብዙዎቹ "ጥሩ የጽሑፍ ችሎታ" ብለው ይጨርሳሉ። ድሮ ቢሆን ይቺን መሙያ ናት ብዬ አልፋት ነበር።

ሥራው የሚመጣው በአብዛኛው ከሕግ ነው። የአውሮፓ የተደራሽነት ሕግ ከሰኔ 28፣ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፣ እንደ ፈረንጆቹ፤ የመስመር ላይ ንግድ፣ ባንክ፣ የትራንስፖርት ትኬት ይነካል። አሜሪካ ውስጥ ሴክሽን 508 የሚባለው የፌደራል መሥሪያ ቤቶችን ያስገድዳል።

ሰርተፍኬትን በተመለከተ፣ የተደራሽነት ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር የሚሰጠው ሲፒኤሲሲ መነሻው ነው፤ 100 ጥያቄ በሁለት ሰዓት፣ ስለ አካል ጉዳት፣ ስለ ሕግና ስለ መርሕ እንጂ ስለ ኮድ ብዙ አይጠይቅም። የኮዱ ሌላ ፈተና አለው። ደብሊው ሥሪ ሲ ያዘጋጀው የመግቢያ ኮርስ በነፃ መማር ይቻላል፣ እኔ እሱን ነው የወሰድኩት። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም ትረስትድ ቴስተር የተባለ ነፃ ሥልጠና አለው፤ ደረቅ ነው፣ ግን ለፈታሽ እጅ ያፈታታል። ሰርተፍኬቱን ወደፊት እፈተናለሁ። ካልተፈተንኩ አላመለክትም ማለት ግን ሰበብ ነው፣ ራሴን ስላየሁት ነው።

7ኛ ሳምንት

የመጀመሪያው ኢንተርቪው ላይ ወደቅኩ። አንድ ገጽ ሰጡኝና ስክሪንህን እያጋራህ ፈትሽ አሉኝ። እጄ በቀጥታ አክስ ላይ ሄደ። ውጤቱን እያነበብኩላቸው ሳለ ጠያቂዋ "እሱን እኛም አለን" አለች። እዚያው አልቋል።

ሁለተኛው ላይ ማውሱን ገፋ አደረግኩና ታብ መታሁ። ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣ፦ "አንተ ያገኘኸው፣ የተስተካከለ አንድ ችግር ንገረን።" የቁጥር 41ን ታሪክ ነገርኳቸው፣ መካከለኛ ብዬ መጻፌንም፣ ስድስቱ መልእክት መንጫጫታቸውንም። ሁለቱን ሪፖርቶች ጎን ለጎን አሳየኋቸው። አሮጌውን ሳሳይ አፍሬ ነበር፣ እነሱ ግን ብዙ የጠየቁኝ ስለ አሮጌው ነው። የሦስት ወር ኮንትራት ሰጡኝ፣ ሰኞ እጀምራለሁ።

ፎርሙ አሁን 14ቱም ተዘግተዋል። ትናንት ሞካሪዬ ለራሷ ለሥልጠናው ተመዘገበች፣ ያለኔ፣ ከቤቷ። ማታ መልእክት ላከችልኝ፦

"ተመዘገብኩ። ማረጋገጫ ኢሜይልም መጣልኝ። ከፈትኩት፣ 'ግራፊክ' ብሎ ዝም አለ። ሥልጠናው የት ነው?"

ኢሜይሉን አስልኬ አየሁት። ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ አድራሻውም አንድ ምስል ላይ ተጽፎ ነው የሚላከው። አድራሻውን ጻፍኩላት። ከዚያ ሪፖርቱን ከፍቼ ቁጥር 15 ብዬ ጀመርኩ።